ቤቱ ሞቀ

ሽማግሌው ሲሞቱ ካፖርታቸውን አውልቀው ነበር።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋለችው ልጃቸው ናት። አባቷ በዚያ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ካፖርት ለብሰው ሬዲዮ ሰምተዋል፣ ካፖርት ለብሰው ምሳ በልተዋል፣ ብርዱ ሲብስም ካፖርት ለብሰው ተኝተዋል። ያን ሰኞ ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ ግን ካፖርቱ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ተንጠልጥሏል፤ እሳቸው ደግሞ በስስ ሸሚዝ፣ ታጥበው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ሶፋው ላይ ደገፍ ብለዋል። ፊታቸው ቀላ ብሏል። «አባዬ» አለች። ደግማ «አባዬ!» አለች። እጃቸውን ስትይዘው ነው የገባት፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት መሃል የቀዘቀዘው እሱ ብቻ ነበር።

እሑድ አመሻሽ ላይ ደውለውላት ነበር። «ልጄ፣ ቤቱ ሞቀ!» ብለው እንደ ሕፃን ሳቁ። «ገላዬን ታጥቤ በሸሚዝ ቁጭ ብያለሁ። እናትሽ ይህን ሳታይ መሞቷ ነው የሚቆጨኝ።» እሷም ስቃ ስልኩን ዘጋች። የአባትና የልጅ የመጨረሻ ወግ ይኸው ሆነ።

ፖሊሶቹ ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም። የቤቱ ውሃ ማሞቂያ በጋዝ የሚሠራ የድሮ ዕቃ ነው፤ ጭሱን የሚያወጣው ኮርኒሱን አልፎ፣ ቆርቆሮውን በስቶ በሚወጣ ቱቦ ነው። ያ ቱቦ ጫፉ ላይ፣ ተረጭቶ በሚነፋና በሚደርቅ ፎም ተደፍኖ ተገኘ። ሽታም ቀለምም የሌለው መርዘኛ ጭስ መውጫ ሲያጣ ወደ ቤት ተመለሰና ሽማግሌውን እንዳንቀላፉ አስቀራቸው። ቤቱ ሙቀቱን እንዲይዝ ብሎ ቅዳሜ ዕለት ነጭ ቱታ ለብሶ፣ ከኮርኒሱ በላይ በሆዱ እየተሳበ ፎም ሲረጭ የዋለው ሰው ደግሞ ይታወቃል። ሰፈሩ በሙሉ «ረጪው» ነው የሚለው። «በቸልተኝነት ሰው መግደል» ተብሎ ተጻፈበትና ታሰረ።

ልጅቷን ግን «ቸልተኝነት» የሚለው ቃል አልዋጥ አላት። ጣቢያ ድረስ ሄዳ በፖሊሶቹ ፊት በጥፊ አጮለችው። እሱ ፊቱን እንኳ አላሸሸም፤ ይህ ደግሞ ይባስ አንገበገባት። አባቷን ማክሰኞ ቀበረች፤ ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራዋ ገባች። ሥራዋ ማተሚያ ቤት ነው። ምን ልታትም እንደገባች ለማንም አልተናገረችም።

መርማሪዋ ስትመጣ ማሽኑ የመጨረሻዎቹን ወረቀቶች እየተፋ ነበር። ጡረታዋ የደረሰ፣ ወፈር ያለች፣ የመነጽሯን ማሰሪያ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ ከፊቷ ቢሏትም ግድ የላትም። አንዱን ወረቀት አንስታ አነበበች። የረጪው ፎቶ ነው፤ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ይህ ሰው አባቴን ገደለ፤ ቤትዎን አያስነኩት» ይላል።

«ስንት ነው ያተምሽው?»

«አምስት መቶ። ካነሰ እጨምራለሁ።»

«መቼ ልትበትኚው ነው?»

«አሁን! ከምሳ በፊት! ሚስቱ ገበያ ስትወጣ ታንብበው። ልጆቹ ትምህርት ቤታቸው በር ላይ ያንብቡት። እኔ አባዬን ባነሣሁ ቁጥር እንደምቃጠለው እሱም በወጣ በገባ ቁጥር ይቃጠል።»

«ለምን?»

«ለምን?! አባቴን ገድሎብኝ ለምን ይሉኛል?»

«የለም፣ ለምን ገደለ ነው የምልሽ። ሰው ሥራው ላይ ሲሳሳት ብዙ አይቻለሁ። ያ ቱቦ ግን ጫፉ ላይ የዝናብ ክዳን አለው፤ ክዳኑ በአራት ብሎን የታሰረ ነው። አንድ ሰው ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ፣ አራቱን ፈትቶ፣ ቱቦውን ደፍኖ፣ አራቱን መልሶ አጥብቋል። ይህ ስህተት አይደለም።»

ልጅቷ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «እንግዲያማ ሆን ብሎ ነው» አለች።

«ወይ እሱ ነው፣ ወይ ሌላ ሰው ነው።» መርማሪዋ ከቦርሳዋ ግልጽ ፌስታል አወጣች። በውስጡ ከቱቦው የወጣው የፎም ውታፍ አለ። «እስቲ እዪው።»

«አላይም! ከዓይኔ አርቁልኝ!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስለዚህ መርማሪዋ ፌስታሉን በአውራ ጣቷ ስትጫነው፣ ውታፉም ጎድጎድ ብሎ ቀስ እያለ ሲመለስ አላየችም። ከውታፉ አናት ላይ የተሰካችውን፣ እሳት ያልነካትን የክብሪት እንጨትም አላየችም።

«አናቱ ላይ ክብሪት ተሰክቶበታል» አለች መርማሪዋ። «የእኛ ልጆች ወፍ ያመጣችው ነው ይላሉ። ክዳን ፈትታ የምትገባ ወፍ መሆኗ ነው።» ፌስታሉን መለሰችው። «ፋይሉ ዓርብ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ወረቀትሽን እስከ ዓርብ ያዥልኝ። ከዚያ በኋላ ልበትነው ካልሽ እኔ ራሴ ሙጫ እገዛልሻለሁ።»

ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ እሺ አለች። ግን ቅድመ ሁኔታ ነበራት፤ መርማሪዋ የምትሄድበት ሁሉ እሷም ትሄዳለች። መርማሪዋ አልተቃወመችም። ቂም የያዘ ሰው ዓይኑ ጥሩ ነው ብላ ሳታስብ አትቀርም።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ አባቷ ቤት ነው። መርማሪዋ ትንፋሿ እየተቆራረጠ በኮርኒሱ መግቢያ ወጣች፤ ልጅቷ ከታች መሰላሉን ይዛ ቆመች። ከላይ የጣት ኳኳታ ተሰማ፤ የተዘጋ በር የሚያንኳኳ ሰው ይመስላል። ከዚያ የሰንጢ ጭርጭርታ ተሰማ፤ ቀጥሎም «ወይ ጉድ!» የሚል ቃል። መርማሪዋ ስትወርድ ጉልበቷን አራግፋ ስለ ፎሙ አንድም ቃል ሳትተነፍስ፣ «አባትሽ ወረቀት የሚያስቀምጡ ሰው ነበሩ?» ብላ ጠየቀች።

እንዴታ! ልጅቷ የተቆለፈውን መሳቢያ ከፍታ አንድ ክላሰር አወጣች። ሽማግሌው የጡረታ ገንዘባቸውን ለአንድ ጣሪያ ሲመድቡ የፈጀባቸው ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ በእርሳስ ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ እንደገና ተጽፎ። የድሮውን ጥጥ ማውጣት፣ ይህን ያህል። አንድ ቀን ከቤት መውጣት፣ ልጄ ጋ ስለማድር ምንም። ላልታሰበ ነገር ከአሥር አንድ እጅ። ማሞቂያውን በአዲስ መቀየር፣ ለሚመጣው ዓመት። ልጅቷ ይህችን መስመር ስታነብ ክላሰሩን ከእጇ ጣለችው።

መርማሪዋ አንሥታ ፕሮፎርማዎቹን ደረደረቻቸው። ሦስት ናቸው። አንዱ ለስላሳ ፎም ነው፤ ያቀረበው ሁሉም «ፎርማን» የሚለው፣ በሙያው የቆየ ሰው ነው። እሱም ከታች «ማሞቂያው አሮጌ ነው፤ ይታሰብበት» ብሎ ጽፏል። ሁለቱን ያቀረበው ረጪው ነው፤ አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው ዋጋው እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ጠንካራ ፎም። ከጎኑ የሽማግሌው እርሳስ እንዲህ ይላል፦ «የጣሪያው ወራጅ እንጨቶች ቀጫጭን ስለሆኑ ለስላሳው በቂ ውፍረት አያገኝም። የመታጠቢያው እንፋሎትም በለስላሳው አልፎ ቆርቆሮውን ያልበዋል። ጠንካራው ይሻላል፤ ግን ከየት ይመጣል?»

«ከየት መጣ?» አለች መርማሪዋ።

«ከእኔ» አለች ልጅቷ። «ሁለተኛ ማሽን ልገዛ ያጠራቀምኩት ነበር። ለሁሉም ሰው ለስላሳው ነው ብለን ነበር፤ በመጨረሻው ሳምንት እኔ ጨምሬ ጠንካራው ተረጨ።» ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ያልገባዎት ነገር ይኸው ነው እትዬ። እሱን በጥፊ ስመታው ራሴንም እየመታሁ ነበር። ቤቱ እንዲሞቅ የከፈልኩት እኔ ነኝ።»

«ይህን መቀየራችሁን ማን ያውቃል?»

«አባዬ፣ እኔና ረጪው። አጎቴ ቢሰማ ጣሪያውን አናታችን ላይ ያፈርሰው ነበር።»

መርማሪዋ ጻፈች። ከክላሰሩ መጨረሻ ደግሞ አንድ ወረቀት አወጣች፤ የጋዝ ባለሙያ ዓርብ ዕለት፣ ከርጭቱ አንድ ቀን በፊት፣ «ቱቦው ተፈትሿል፤ ንጹሕ ነው» ብሎ የፈረመበት ነው። አናቱ ላይ በሽማግሌው እጅ «ረጪው ይህ ካልተደረገ አልነካውም ስላለ» ተብሏል። ልጅቷ ይህን ወረቀት አይታው አታውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

አጎቷ የመጡት በዚህ መሃል ነው። የሟች ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ግንባራቸው ላይ ትልቅ እብጠት አለ።

«ምን ሆነው ነው?» አለች መርማሪዋ፣ ሰላምታውን ሳትጨርስ።

«መሰላል ነው። የማንም ዝርክርክ ያቆመው መሰላል!»

«የት?»

አጎትየው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ልጅቷን አዩ፤ ከዚያ መሬት አዩ። «እሺ፣ እሑድ ከሰዓት መጥቼ ነበር። ቁልፍ አለኝ፤ ቤቱ የአባታችን ቤት ነው፣ ድርሻ አለኝ። ተሸጦ እንካፈል ስል ወንድሜ ከጣሪያው ጋር ተጋብቶ ቀረ። ስንት እንደከሰከሰበት ልይ ብዬ ገባሁ። መሳቢያው ተቆልፏል፤ የኬሚካሉ ሽታ ደግሞ አፍንጫዬን ሊገነጥለው ሆነ። ቶሎ ስወጣ ደጅ፣ ከወጥ ቤቱ ጥግ ከቆመው መሰላል ጋር ተላተምኩ።»

«አጎቴ! አባዬ በሌለበት ቤቱን ልትበረብር?» ደሟ ፈላ። «እነግርሃለሁ፣ አንተ ከሆንክ ደምህን ነው የምጠጣው!»

«አንቺ ልጅ፣ ጉልበቴ ደረጃ እንኳ አይወጣም! ቆርቆሮ ላይ ልወጣ?»

እውነታቸውን ነበር፤ ወደ ሳሎኑ የገቡት የበሩን መቃን ተደግፈው ነው። ልጅቷ ግን ለዚያ ሰዓት ሁሉንም ሰው መጥላት አማራት።

ጣቢያ ሲደርሱ ረጪው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ጉንጩ ላይ የጥፊው ምልክት ጠፍቷል፤ እሷ ግን አሁንም የሚታያት መሰላት።

«መሰላልህን ቅዳሜ የት ተውከው?»

«አጥሩ ሥር፣ አጋድሜ፣ በሽቦ አስሬ። ሰኞ ለፍተሻ ስለምመለስ ነው የተውኩት።»

«መኪናህ ላይ ለስላሳ ፎም ነበረህ?»

«በዚህ ወር አንድም የለስላሳ ሥራ አልያዝኩም። በርሜሎቹ አሁንም መኪናው ላይ ናቸው፤ ይዩዋቸው።»

«የሚጠላህ ሰው አለ?»

ረጪው ወደ ልጅቷ ቀና አለ። «እሷ አለች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እመታ ነበር።» ከዚያ ቀጠለ። «ፎርማንም አለ። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። አራት ጣት ውፍረት ብሎ አስከፍሎ ሁለት ጣት ይረጭ ነበር። አንድ ደንበኛ ፊት ለፊት ሲጠይቀኝ እውነቱን ተናገርኩ። ትልቁ ኮንትራት ፈረሰበት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ብሎኝ አያውቅም፤ እኔ ሰላም ስለውም አይመልስልኝም።»

ፎርማን ግን ሲያገኙት ሌላ ሰው ነው። ከወርክሾፑ በር ላይ ወጥቶ ልጅቷን በሁለት እጁ ጨበጣት፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አባትሽ ጨዋ ሰው ነበሩ እህቴ። ሥራውን ለተማሪህ ሰጥቼዋለሁ ሲሉኝ፣ አባቴ ይተዉ ብያቸዋለሁ። ቢሰሙኝ ዛሬ በሕይወት ነበሩ።» እያወራ ትንሽ የካርቶን ሣጥን ውስጥ ለደንበኛ የሚያሳየውን ናሙና ረጨ። ፎሙ እየተነፋ ከሣጥኑ አፍ ላይ ወጣ። እሱም ጆሮው ላይ ከሰካቸው የክብሪት እንጨቶች አንዱን አወጣና መሃሉ ላይ ሰክቶ ነቀለው፤ ጫፉን አይቶ «ገና አልያዘም» አለና መልሶ ሰካው።

«ለዚያ ሰው የሚገባውን ቅጣት የሚያውቅ የለም» አለ ወደ ልጅቷ ዘንበል ብሎ። «ወረቀት አትመሻል ሲሉ ሰማሁ። ሠራተኞቼን እልካለሁ፤ በአንድ ቀን ከተማውን እናለብስልሻለን። እንዳትለቂው እህቴ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ስሙ ከምድር ላይ መፋቅ አለበት።»

ልጅቷ ያን ጊዜ ልታቅፈው ምንም አልቀራትም። ከቀብሩ ወዲህ ንዴቷን እንደ እሷ የተናደደላት ሰው ይህ የመጀመሪያው ነበር። መርማሪዋ ሣጥኑን፣ በኋላም የፎርማንን ጆሮ አየች። ስትወጣ «ዓርብ ጠዋት ሟች ቤት ይምጡልን፤ የባለሙያ አስተያየት ያስፈልገናል» አለችው።

«በደስታ! ያንን ሰው የሚያስቀጣ ከሆነ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ።»

ዓርብ በሦስት ሰዓት ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ረጪው በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆሟል። አጎትየው እብጠታቸውን በኮፍያ ሸፍነዋል። ፎርማን አዲስ ኮት ለብሶ ከሶፋው አጠገብ ተቀመጠ፤ ልጅቷ የአባቷ ሶፋ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ብላ አምስት መቶውን ወረቀት አስቀምጣበታለች። ካፖርቱ አሁንም ከሚስማሩ ላይ ነው።

መርማሪዋ ውታፉን ለፎርማን ሰጠችው። «እርስዎ የሙያው ሰው ነዎት። ይህ ከኮርኒሱ በላይ ከተረጨው ጋር አንድ ነው?»

ፎርማን ተጭኖ አየው። «አንድ ነው እንጂ። ያው ለስላሳው ነው። ሲረጭ ዘሎ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይሆናል፤ የጀማሪ ሥራ።»

«ከተረጨ በኋላ ወጥተው አይተውታል?»

«ምን ማየት ያስፈልጋል? የሽማግሌውን ሒሳብ የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። በእሳቸው ባጀት ከለስላሳው ሌላ አይገኝም።»

«ለምን?» አለች መርማሪዋ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «እስቲ ልጄ፣ ሰንጢውን ይዘሽ ውጪና አንድ ቁራሽ አምጪልን።»

ልጅቷ ወጣች። ከላይ ሰንጢው ሲያቃስት ሁሉም ሰማ። ጊዜ ፈጀባት። ስትወርድ በእጇ የጣት ያህል ቁራሽ ይዛለች፤ ጠረጴዛው ላይ ስትጥለው እንደ ጣውላ ኳ አለ። ያን ጊዜ ዓይኗ ከቁራሹ ወደ ውታፉ ሄደ፤ ከውታፉ ወደ ፎርማን። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት።

«እንግዲህ ልንገራችሁ» አለች መርማሪዋ፣ መነጽሯን አውልቃ። «ቱቦው ዓርብ ንጹሕ ነበር፤ ወረቀት አለ። ቅዳሜ እዚህ ቤት የተረጨው ጠንካራ ፎም ነው። ቱቦው ውስጥ የተገኘው ለስላሳ ነው። ስለዚህ የደፈነው ሰው፣ አንደኛ፣ የረጪው ሥራ እንዲመስል የፈለገ ነው። ሁለተኛ፣ ጠንካራው መመረጡን የማያውቅ ነው። ረጪው ያውቃል። ልጅቷ ታውቃለች፤ የከፈለችው እሷ ናት። የማያውቁ ሁለት ሰዎች ይቀራሉ።»

አጎትየው ላብ አጠመቃቸው። «እኔ አይደለሁም! በሕግ አምላክ!»

«እርስዎ አይደሉም። ጉልበትዎ አይፈቅድም፤ መርጫውንም ቢሰጥዎት ቤትዎን ሁሉ ነው የሚያጣብቁት። ነገር ግን ሳያውቁ ትልቅ ውለታ ውለውልናል። ፎም ሲረጭ ቤቱ አንድ ቀን ባዶ እንደሚሆን ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። እሑድ ከሰዓት አንድ ሰው መሰላሉን ከአጥሩ ሥር ፈቶ፣ አቁሞ ቆርቆሮው ላይ ወጣ። ክዳኑን ፈታ፣ በትንሽ ሲሊንደር ለስላሳ ፎም ረጨ፤ ይዞ እንደሆነ ለማየትም እጁ እንደለመደው ክብሪት ሰካበት። ያን ጊዜ እርስዎ በሩን ከፍተው ገቡ። ሰውየው ደነገጠ። ክብሪቱን ሳይነቅል ክዳኑን መልሶ አሰረና ቆርቆሮው ላይ ተጋደመ። እርስዎ ከመሰላሉ ጋር ሲላተሙ እሱ ከአናትዎ በላይ ትንፋሹን ይዞ ነበር።»

የፎርማን እጅ ሳያውቀው ወደ ጆሮው ሄዶ ነበር፤ አውርዶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«እሱም በክብሪት ያያል!» አለ ወደ ረጪው እየጠቆመ። «እኔው ነኝ ያስተማርኩት!»

«ከዚያ ኬሚካል አጠገብ ክብሪት መያዝ ካቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው» አለ ረጪው ቀስ ብሎ። «በመርፌ ነው የምለካው። ያን መርፌ ስገዛ የሳቅክብኝ አንተ ነህ።»

«ትናንት እርስዎ በሌሉበት በፍርድ ቤት ፈቃድ መጋዘንዎን ከፈትን» አለች መርማሪዋ። «ሁለት ትንንሽ ባዶ ሲሊንደሮች አገኘን። ለስላሳ ፎም። ቅዳሜ ጠዋት እንደገዟቸው ሻጩ መስክሯል። እርስዎ ግን በዚህ ወር ትንሽ ሥራ አልነበረዎትም። ለምን ገዙ?»

ፎርማን ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። ከዚያ ያ ሁሉ ዓመት የቋጠረው ቂም ፈነዳ። «አስተምሬው በላኝ! በስሜ ቆሞ ስሜን ገደለ! ደንበኛ የማያንኳኳው ወርክሾፕ ውስጥ ስድስት ዓመት ተቀምጬ የእሱን መኪና ሲያልፍ እቆጥራለሁ! ሽማግሌውን መግደል አልፈለግኩም። ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ሐኪም ቤት ይገባሉ፣ እሱም ፈቃዱን ይነጠቃል ብዬ ነው። እሳቸውማ ምን በደሉኝ?»

ልጅቷ ወደ እሱ ተራመደች። ፖሊሶቹ ትመታዋለች ብለው ጠጋ አሉ። እጇን አላነሣችም።

«ምንም አልበደሉህም» አለች። «አባቴ ጠላትህ እንኳ አልነበሩም። በሌላ ሰው ላይ ለያዝከው ቂም መወጫ ነው ያደረግካቸው። በቀብሩ ማግስት እጄን ይዘህ አለቀስክ። ወረቀቴን ልትለጥፍልኝ ነበር!» ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። «አሁን እኔ ቂም ይዣለሁ ፎርማን። እግዜር ያውቃል፣ ለዕድሜ ልኬ ነው የያዝኩት። የረጪው ስም ከምድር ላይ እንዲፋቅ ነው የፈለግከው? እንግዲያው ስማ። ይህን ቤት እሱ ይጨርሰዋል። ስሙን የማታነብበት ግድግዳ በዚህ ከተማ እንዳይኖር አደርጋለሁ። አንተ እስር ቤት ትቀመጣለህ፤ እሱ ያድጋል፤ ሲያድግም በየወሩ ትሰማለህ።»

ፎርማን ፊቱ የተለወጠው የእጅ ሰንሰለቱ ሲገባለት አይደለም፤ ይህን ሲሰማ ነው።

ሲወስዱት ልጅቷ ከረጪው ፊት ቆመች። «ያንን ጥፊ…» ብላ ጀመረች።

«ተይው እህቴ። መጀመሪያ ቱቦውን ላጽዳልሽ።»

መርማሪዋ በሩ ላይ ቦርሳዋን አንግታ ቆማለች። «አባትሽን ማዳን አልቻልሽም» አለች። «ጠንካራውን ባትገዢላቸው ኖሮ ግን ሁለቱ ፎሞች አንድ ዓይነት ይሆኑ ነበር፤ እኔም በዚህ ሰው ላይ እፈርድ ነበር። ይህን ሰው ያዳነው ያ ገንዘብሽ ነው። ራስሽን መምታቱን እዚህ ላይ ተዪው።» ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው።

አምስት መቶውን ወረቀት በዚያው ቀን በመቁረጫው ማሽን ከተፈችው። ሰኞ ሌላ አንድ ሺህ አተመች፦ «የአባቴን ቤት ያሞቀው ይህ ሰው ነው። ቱቦ ሳያስፈትሽ አይረጭም። የተናገረውን ውፍረት ይረጫል።» ከሥሩ የረጪው ስልክ ነበር። በወሩ መጨረሻ ረጪው ሁለተኛ መኪና ፈለገ።

ፎርማን የብዙ ዓመት እስራት ተፈረደበት። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ፖስታ ይደርሰዋል፤ ውስጡ ያ ወረቀት ብቻ ነው፣ አንዳንዴ የአዲስ መኪና ወይም የአዲስ ሠራተኞች ፎቶ ታክሎበት። ከማረሚያ ቤቱ ዘበኞች አንዱ ለማተሚያ ቤቱ ጎረቤት እንዳወራው፣ ያ ፖስታ በመጣ ቀን ሰውየው እህል አይቀምስም። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ደስ እንዳላትም አልደበቀችም።

የመጀመሪያውን ፖስታ ያሸገችው በአባቷ ቤት ነው። ማሞቂያው አዲስ ነው፤ በክላሰሩ ውስጥ «ለሚመጣው ዓመት» የተባለውን ሳትጠብቅ ገዝታዋለች። ውጪ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ኮቷን አወለቀችና ከአባቷ ካፖርት አጠገብ ሰቀለችው፤ ከሶፋው ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ገለበጠችና ከጀርባው በራሷ እጅ ሁለት ቃል ጻፈችበት፦

«ቤቱ ሞቀ።»